የወር አበባዋን ማን ጠየቃት? ኢስትሮጅን እና ስኪዞፍሬኒያ

የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባት ከታወቀ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ባንክ በነጻ የሚያድለው ዓይነት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። አንዳንዶቹ ቀኖች በእስክሪብቶ ተከበዋል። የማኅበር ወይም የዕቁብ ቀን መስሎኝ ጠየቅኳቸው። "ልጄ የባሰባት ቀን ነው" አሉኝ። በጣታቸው እየነኩ አሳዩኝ። በየወሩ ደሟ ሊመጣ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው የምትሰማው ድምፅ ይበረታባታል። ሌሊት ተነስታ ለሌለ ሰው መልስ ትሰጣለች። ደሙ መጥቶ ጥቂት ቀን ሲያልፍ ደግሞ ረገብ ትላለች።

ይህንኑ ለሐኪም ነግረውት ነበር። እሱም "እሺ" ብሎ መድኃኒቱን ከፍ አደረገላት። ስለ ወር አበባዋ ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቀም።

እኚህ እናት ሕክምና አልተማሩም። እስክሪብቶ ይዘው ያከበቡት ነገር ግን ከሜልበርን እስከ ሄልሲንኪ ተመራማሪዎችን ሲያከራክር የቆየ ጉዳይ ነው። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ከስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ቢሰጥ ሕመሙን ያቀለዋል ወይ? አጭሩ መልስ፦ ለአንዳንድ ሴቶች፣ በመጠኑ፣ አዎ ይመስላል። የኔ ቀልብ ያለው ግን ረጅሙ መልስ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ቪየና ውስጥ ያስተምር የነበረው ሪካርድ ፎን ክራፍት ኤቢንግ ከወር አበባ ጋር እየመጣ ስለሚሄድ የአእምሮ ሕመም የጻፈው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ በ1952 ፓሪስ ውስጥ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ለአእምሮ ሕመም ተሞከረና ሁሉም ነገር ተለወጠ። ታስረው የነበሩ ሰዎች ተፈቱ፣ ሆስፒታል ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ወደ ቤታቸው መሄድ ጀመሩ። ትኩረቱ ሁሉ መድኃኒቱ በሚነካው ዶፓሚን በሚባል የአንጎል ንጥረ ነገር ላይ ሆነ። ሆርሞን የሚባለው ነገር የማሕፀን ሐኪሞች ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ሌላም ምክንያት ነበር። በ1977 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች ውስጥ እንዳይገቡ መመሪያ አወጣ። የታሰበው ጽንስን ከጉዳት ለመጠበቅ ነው፣ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ስንት ሚሊግራም ይበቃል የሚለው መጀመሪያ ወንድ ላይ ይለካል፣ ከዚያ ለሴቷም ያው ይታዘዝላታል። መመሪያው የተነሳው በ1993 ነው። 16 ዓመት ሙሉ!

ጥያቄውን እንደገና የቀሰቀሰው የዕድሜ ቆጠራ ነው። ጀርመን ውስጥ ማንሃይም ከተማ ሄይንዝ ሄፍነር የሚባል የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሕመሙ በስንት ዓመት እንደሚጀምር በጥንቃቄ መዘገበ። ወንዶች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ25 ዓመት በፊት ይጀምራል። ሴቶች ላይ በአማካይ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይዘገያል። እስከዚህ ድረስ ብዙም አይገርምም። የሚገርመው ሴቶቹ ሁለተኛ ጉብታ ያላቸው መሆኑ ነው። ከ45 ዓመት በኋላ፣ ወንዶቹ ላይ ቁጥሩ በወረደበት ዕድሜ፣ ሴቶቹ ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። ያ ዕድሜ ደግሞ የማረጥ ዕድሜ ነው።

አንድ ነገር ሴቶችን በወጣትነታቸው ሲከልላቸው ቆይቶ በማረጥ ጊዜ ጥሏቸው የሚሄድ ይመስላል። ጣት የተቀሰረው ኢስትሮጅን ላይ ነው።

የኢስትሮጅን መውረድ በየወሩም አለ፣ ደም ሊመጣ ሲል። እናትየዋ ያከበቧቸው ቀኖች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ትልቁ ቁልቁለት ግን ከወሊድ በኋላ ያለው ነው። በእርግዝና ወራት እጅግ ከፍ ብሎ የቆየው ሆርሞን የእንግዴ ልጁ ሲወጣ በቀናት ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። አገራችን ውስጥ አራስ ብቻዋን አትተውም። ትራሷ ሥር ቢላ ወይም ብረት ይቀመጣል፣ ማታ አብሯት የሚያድር ሰው አይጠፋም። አያቶቻችን ምክንያቱን በራሳቸው መንገድ ያስረዱ ነበር። ጥንቃቄውን ያኖሩበት ጊዜ ግን ትክክለኛው ነው። በሴት ዕድሜ ውስጥ ለከባድ የአእምሮ መናወጥ፣ ሐኪሞች ሳይኮሲስ ለሚሉት፣ አደጋው በጣም ከፍ የሚልባቸው እነዚያ የአራስነት ሳምንታት ናቸው። እንቅልፍ ማጣትም፣ የዘር ነገርም አለበት። ሁሉንም በአንድ ሆርሞን ላይ መጫን አይቻልም።

ለመሆኑ የሴት ሆርሞን አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል? ኢስትሮጅንን የሚቀበሉ ሕዋሳት አንጎል ውስጥም ሞልተዋል። ስኪዞፍሬኒያ ባለበት ሰው አንዳንድ የአንጎል ክፍሎች ላይ ዶፓሚን የተባለው መልእክት አድራሽ ይበዛል። የተለመዱት መድኃኒቶች ዶፓሚን የሚገባበትን በር ይዘጋሉ። ኢስትሮጅን ደግሞ የዶፓሚንንና ሴሮቶኒን የሚባለውን የሌላ መልእክት አድራሽ ግፊያ ከበሩ ውጭ ሆኖ የሚያለዝብ ይመስላል። በተጨማሪ የነርቭ ሕዋሳትን ከጉዳት እንደሚጠብቅ በእንስሳት ላይ ታይቷል። ዝርዝሩ ገና አልጠራም። እኔም ከዚህ በላይ ገብቼ አላደክማችሁም።

ከመላምት አውጥታ በሽተኛ ላይ ለመሞከር የደፈረችው አውስትራሊያዊቷ የአእምሮ ሐኪም ጃያሽሪ ኩልካርኒ ናት፣ ሜልበርን ውስጥ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዚህ አንድ ጥያቄ ላይ ሙጭጭ ብላለች። በ2008 የወጣው ጥናቷ 102 ሴቶች ነበሩበት። ሁሉም የተለመደውን መድኃኒት ይወስዳሉ። ግማሽ ያህሉ በተጨማሪ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኢስትራዲዮል ተሰጣቸው። ኢስትራዲዮል ሰውነት ራሱ የሚሠራው ዋናው የኢስትሮጅን ዓይነት ነው፣ ከፕላስተሩ በቀን 100 ማይክሮግራም እየወጣ በቆዳ ይገባል። ሌሎቹ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ፕላስተር ለጠፉ። በ28 ቀን ውስጥ ትክክለኛውን የለጠፉት የበለጠ ተሻላቸው። በተለይ ድምፅ መስማቱና "ይከታተሉኛል" ማለቱ ቀነሰ።

በ2015 ደግሞ 183 ሴቶችን ይዛ ለ8 ሳምንት ደገመችው። ሦስት ቡድን፦ 100 ማይክሮግራም፣ 200 ማይክሮግራም፣ ማስመሰያ። ከፍ ያለ ለውጥ የታየው 200 ላይ ነው። ተሳታፊዎቹ በተለመደው መድኃኒት በቂ ለውጥ ያላገኙ መሆናቸውን ልብ በሉ። ከሦስት የስኪዞፍሬኒያ ታካሚዎች አንዱ ያህል በዚህ ምድብ ውስጥ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ትንሽ ለውጥም ትንሽ አይደለም። ሌሊት መተኛት መቻል ማለት ሊሆን ይችላል።

እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። አንድ ሰው ሃያ ዓመት በአንድ ሐሳብ ላይ ሲሠራ፣ የራሱን ሐሳብ ትክክለኛነት የሚያሳይ ውጤት ቢያገኝ አይገርምም። ሳይንስ የሚጣፍጠው ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር ላይ፣ ሲደግመው ነው።

ያ ሰው እስራኤላዊው ማርክ ዋይዘር ሆነ። ዋይዘር እንዲህ ያሉ "ተደርበው የሚሰጡ" መድኃኒቶችን በትልልቅ ሙከራ እየፈተነ ብዙዎቹን ውድቅ ያደረገ ሰው ነው። ሙከራውን ሞልዶቫ ውስጥ አካሄደው፣ ገንዘቡ የመጣው ስታንሊ ከሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ነው። የመድኃኒት ኩባንያ አልነበረበትም፣ ምክንያቱም ኢስትራዲዮል ድሮ የባለቤትነት መብቱ ያለቀ ርካሽ ነገር ስለሆነ ማንም አያተርፍበትም። 200 ሴቶች፣ 200 ማይክሮግራም፣ 8 ሳምንት። ውጤቱ በ2019 ወጣ። ኢስትራዲዮል ከማስመሰያው በለጠ!

ግን አንድ ነገር ነበረው። ተመራማሪዎቹ ሴቶቹን በዕድሜ ሲለዩዋቸው ጥቅሙ ከሞላ ጎደል ከ38 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ብቻ ተገኘ። በ20ዎቹ ባሉት ወጣቶች ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ሲያስቡት ትርጉም አለው። የወጣቷ ኦቫሪ፣ እንቁላል የሚያመነጨው እጢ፣ ራሱ ኢስትሮጅን ያመርታል፣ ከሞላ ማድጋ ላይ ውሃ ብትጨምር ይፈሳል። ወደ አርባው ሲጠጋ ነው ማድጋው መጉደል የሚጀምረው። ሆኖም የኩልካርኒ ሴቶች ከ18 እስከ 45 የሆኑ ነበሩ። የሁለቱ ጥናት እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ለኔ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚያሳምነኝ ይህ የዕድሜ ነገር ነው፣ ከሄፍነር ሁለተኛ ጉብታ ጋር እጅና ጓንት ነውና።

ኢስትሮጅን ጡትና ማሕፀን ላይም ይሠራል፣ ችግሩም እሱ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች አንድ ብልሃት አሰቡ። ራሎክሲፌን የሚባል የአጥንት መሳሳት መድኃኒት አለ። አጥንት ላይ እንደ ኢስትሮጅን ይሆናል፣ ጡትና ማሕፀን ላይ ግን ኢስትሮጅንን ይከለክላል። አንጎል ላይ የሚጠቅም ከሆነ ለወንዶችም ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው፣ ጡት ያበቅላል የሚል ስጋት ሳይኖር። ስፔን ውስጥ ያረጡ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳየ። ሲድኒ ውስጥ 79 ወንዶችና ሴቶች ላይ ተሞክሮ ማስታወስንና ትኩረትን አሻሻለ። ኩልካርኒም በ2016 በወጣ ጥናቷ 56 ሴቶች ላይ ጥሩ ውጤት አገኘች። ሁሉም ተደሰተ።

ከዚያ ያው ዋይዘር መጣ። ሩማንያና ሞልዶቫ ውስጥ ሕመማቸው የጠናባቸው 200 ያረጡ ሴቶች፣ በቀን 120 ሚሊግራም፣ ኩልካርኒ የሰጠችው ያው መጠን። በ2017 የወጣው ውጤት ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። ራሎክሲፌን አልጠቀመም ብቻ ሳይሆን ማስመሰያውን የወሰዱት የተሻለ ሆነው ተገኙ። ለምን? የሴቶቹ ሕመም ስለከበደ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ራሎክሲፌን ላይ ያለኝ ተስፋ ቀዝቅዟል። ትንንሽ ጥናቶች ሲያምሩ ትልቁ ሲያፈርሳቸው ስናይ የመጀመሪያ ጊዜያችን አይደለም።

የሙከራ ጥናት ሳምንታትን ነው የሚለካው። ዓመታትን ለማየት ወደ ፊንላንድ መሄድ ያስፈልጋል። ፊንላንዶች እያንዳንዱን የሐኪም ማዘዣና የሆስፒታል መግቢያ በመዝገብ የሚይዙ ሰዎች ናቸው። በሆላንድ ግሮኒንገን የምትሠራው አይሪስ ሶመር ከፊንላንድ ባልደረቦቿ ጋር ይህን መዝገብ ገለጠችው። ከ60 ሺህ በላይ ታካሚዎች። ከ45 ዓመት በላይ ያሉ ሴቶች ከወጣቶቹ ሴቶችም፣ ከእኩዮቻቸው ወንዶችም ይበልጥ ሆስፒታል ይተኛሉ።  መድኃኒቱም በዚያ ዕድሜ እንደ ቀድሞው በደንብ መያዙን ያቆማል።

በ2024 የወጣው የዚያው ቡድን ሥራ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 62 የሆነ 3,488 ሴቶችን ተከተለ። ለማረጥ ምልክቶች የሆርሞን ሕክምና የወሰዱ ሴቶች፣ ያንን በሚወስዱበት ጊዜ፣ ሕመሙ አገርሽቶባቸው ሆስፒታል የመግባታቸው ዕድል በ16 በመቶ ቀነሰ። እዚህ ያለው ብልሃት እያንዳንዷን ሴት ከራሷ ጋር ማነጻጸሩ ነው፣ ስትወስድና ሳትወስድ። ሀብታም ከድሃ፣ ጎበዝ ታካሚ ከሰነፍ ጋር አልተወዳደረም። ከ56 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ግን ጥቅሙ አልታየም። ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢጀመር አይሠራም እንደማለት ነው። 16 በመቶ ተአምር አይደለም። ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ ላደረ ቤተሰብ ግን ቁጥሩ ብዙ ነው።

አሁን ወደኛ ልምጣ። እኛ ዘንድ ብዙ ሴቶች የሚወስዷቸው ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፔሪዶን እና በየወሩ የሚወጋው ፍሉፌናዚን አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። ዶፓሚንን ሲዘጉ ፕሮላክቲን የሚባለውን የወተት ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ። ፕሮላክቲን ከፍ ሲል ኦቫሪ ሥራ ይፈታል። ወር አበባ ይዛባል ወይም ጭራሽ ይቀራል። አንዳንዷ ሳታረግዝ ጡቷ ወተት ያወጣል። ኢስትሮጅኗም ይወርዳል። ነገሩን አስቡት፣ መድኃኒቱ በአንድ እጁ ሕመሙን እየገታ በሌላ እጁ የሴቷን የራሷን መከላከያ ይነጥቃል። በ25 ዓመቷ ያረጠች ሴት ሰውነት ይዛ ትኖራለች።

ወር አበባዋ የቀረ ልጅ ምን ታስባለች? ወይ አረገዝኩ ትላለች፣ ወይ መኻን አደረጉኝ ትላለች። ለማንም ሳትናገር ኪኒኑን ትተወዋለች። ከወር በኋላ እንደገና ታማ ስትመጣ "መድኃኒት አቋረጠች" ተብሎ ካርዷ ላይ ይጻፋል። ለምን እንዳቋረጠች የሚጻፍበት መስመር የለም። ይህን ለመከላከል ፕላስተርም ምርምርም አያስፈልግም። "ወር አበባሽ እንዴት ነው?" ማለት ይበቃል። ከዚያ መጠኑን መቀነስ፣ ወይም ፕሮላክቲን ወደማያናጋ መድኃኒት፣ እንደ አሪፒፕራዞል ወዳለው መቀየር ይቻል እንደሆነ መመካከር ይመጣል።

አገራችን የኢስትሮጅንን ታሪክ የሚያወሳስብ ነገርም አላት። ቡታጅራ ውስጥ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዓለም የሚታወቅ የስኪዞፍሬኒያ ጥናት ተካሂዷል። ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለም እና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ከ68 ሺህ በላይ ሰው አዳረሱ። በ2003 በታተመው ውጤት መሠረት ካገኟቸው 321 ታካሚዎች ውስጥ ከአምስት አራቱ በላይ ወንዶች ነበሩ። የሚያስደንቀው ሌላው ነው። ሕመሙ የጀመረው ወንዶች ላይ በአማካይ በ23.8 ዓመት፣ ሴቶች ላይ በ21 ዓመት ነው። ከማንሃይም ጋር ፍጹም ተቃራኒ!

ታዲያ ኢስትሮጅን ቡታጅራ ላይ አይሠራም? እንደዚያ አልልም። ጥናቱ ያየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው፣ ስለዚህ ከማረጥ በኋላ ታመሙ የሚባሉትን ሴቶች የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነበር። ሴት ስትታመም ጓዳ ውስጥ ትደበቃለች፣ ወንዱ ገበያ መሀል ስለሚታይ ይቆጠራል የሚል ጥርጣሬም አለኝ። ጫትም ያለ አካባቢ ነው። የራሴ ግምት ነው፣ ከጥናቱ ጋር እንዳታምታቱብኝ። ብቻ ቡታጅራን የሚያውቅ ሰው "ሴቶች ዘግይተው ይታመማሉ" የሚለውን አባባል እንደ ወንጌል ቃል አይደግመውም።

አሁን ጥንቃቄው። ይህን አንብባችሁ ለእህታችሁ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ልትገዙ የተነሳችሁ ካላችሁ ቁጭ በሉ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ነው፣ ሌላ ሆርሞንም ተቀላቅሎበታል፣ የደም መርጋት አደጋ አለው። ሕመሟ ስለጠና ክሎዛፒን የምትወስድ ሴት ከሆነች ደግሞ ኪኒኑ ክሎዛፒንን ደሟ ውስጥ ከልክ በላይ ሊያጠራቅም ይችላል። በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ፣ እኛ አገር ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ ተጠቃሚ ያለው፣ ጭራሽ ኢስትሮጅን የለበትም፣ የሰውነትንም ኢስትሮጅን ይቀንሳል።

ፕላስተሩም ቢሆን ጣጣ አለው። ማሕፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅን ለብቻው ለረጅም ጊዜ ከወሰደች የማሕፀን ሽፋን ይወፍራል፣ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ፕሮጄስትሮን የሚባል ሌላ የሴት ሆርሞን ይጨመርበታል። የጡት ካንሰር በቤተሰብ ያለባት፣ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ የነካት ሴት ላይ ጉዳዩ ሌላ ነው። በ2002 አሜሪካ ውስጥ 16,608 ያረጡ ሴቶች የነበሩበት የሆርሞን ሙከራ በጡት ካንሰርና በደም መርጋት ስጋት ተቋርጦ ዓለም ደንግጦ ነበር። ያ ሙከራ በአፍ የሚዋጥ ሆርሞን ነው፣ የሴቶቹም አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። በቆዳ የሚገባው የደም መርጋት አደጋው ያነሰ መሆኑ ኋላ ታውቋል። ቢሆንም ለስኪዞፍሬኒያ የተሞከረው 200 ማይክሮግራም ለማረጥ ከሚታዘዘው የተለመደ መጠን በላይ ነው፣ የተሞከረውም ለሳምንታት ብቻ። ዛሬም ኢስትሮጅን ለስኪዞፍሬኒያ በይፋ የተፈቀደ መድኃኒት አይደለም። የሚያዝ ሐኪም ቢገኝ እንኳ የማሕፀን ሐኪም አጠገቡ ያስፈልገዋል፣ የጡት ምርመራ ያስፈልጋል፣ ክትትል ያስፈልጋል። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ የአእምሮ ክፍሉና የማሕፀን ክፍሉ ሰላምታ የማይለዋወጡበት አገር ላይ ይህ ቀላል አይደለም።

ለአርባዎቹ መጨረሻ ለደረሰች፣ ትኩሳት እየወጣባት ለምትነቃ፣ ለዓመታት ረግቶ የቆየ ሕመሟ ድንገት መነቃነቅ ለጀመረ ሴት ግን ነገሩ ይለያል። እሷ ስለ ማረጧ ብቻ ሆርሞን የሚገባት ልትሆን ትችላለች። ለአእምሮዋም ቢረዳት ትርፍ ነው። ጥናቶቹ ሁሉ የሚያመለክቱት ወደዚህች ሴት ነው፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ "ዕድሜሽ ነው" ተብላ የምትመለሰውም እሷው ናት።

እናትየዋን ባለፈው ሳምንት አግኝቻቸው ነበር። አዲስ የቀን መቁጠሪያ ሰቅለዋል። የአሮጌውን አሥራ ሦስት ገጾች ቀድደው በፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠዋል፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘውት ሊሄዱ። "ሐኪሙ ባይጠይቀኝም ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼለት እወጣለሁ" አሉኝ።